ስንዴው ከእንክርዳዱ ጋር እንዳይነቀል

በወንጌል እንደተነገረው፣ እንክርዳዱን ወዲያው እንንቀል ያሉትን አገልጋዮች ባለ እርሻው የከለከላቸው ለእንክርዳዱ አዝኖ ሳይሆን ለስንዴው ሳስቶ ነው። በቢቸናና በሞጣ ጤፍ ሲያርም የኖረ ምእመን የዚህን ምሳሌ ቁም ነገር በእጁ ያውቀዋል። እኛም ይህን ምሳሌ ይዘን አንድ ጥያቄ እንመርምር፤ ካንሰርን ለማጥፋት ሲባል ጤናማውን የሰውነት ክፍል መጉዳት ይገባልን? የሚገባ ከሆነስ ወሰኑ የት ነው?

በአገራችን የጨረር ሕክምና በ1997 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት 60 መሣሪያ ተጀመረ። ጨረሩ ካንሰሩን ሲመታ በመንገዱ ያለውን ጤናማ ሕዋስም ይነካል። ነገር ግን ፈጣሪ ለጤናማው ሕዋስ ራሱን የመጠገን ኃይል ሰጥቶታል፤ መለስተኛ ጉዳት ቢደርስበት በሰዓታት ውስጥ ይጠገናል። የካንሰሩ ሕዋስ ግን በዚህ ረገድ ብዙውን ጊዜ ደካማ ነው። ስለዚህ ጉዳቱን የሚወስነው የጨረሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን የተሰጠበት ፍጥነትም ነው። 50 ግሬይ በየቀኑ 2 ግሬይ እየሆነ በ25 ቀን ሲሰጥ ሰውነት ይችለዋል፤ ያው መጠን በአንድ ጊዜ ቢሰጥ ግን ጤናማውን ክፍል ክፉኛ ያበላሸዋል። የማኅፀን በር ካንሰር በውስጥ ጨረር ሲታከምም እንዲሁ ነው፤ ዝግተኛው ጨረር ሰዓታትን ወይም ቀናትን ይወስዳል፤ ፈጣኑ በደቂቃዎች ያልቃል፣ ነገር ግን በተለያዩ ቀናት ይከፋፈላል። ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ በእንስሳት ላይ የተደረጉ ምርምሮች ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ የሚሰጥ ጨረርም ጤናማውን ክፍል ሊያተርፍ እንደሚችል አመልክተዋል፤ ይህ ግን ገና በጥናት ላይ ያለ ነው።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ አንድ ሥራ የታሰበና ያልታሰበ ሁለት ውጤት ሊኖረው እንደሚችል፣ ሥራውም ከዓላማው ጋር ሊመጣጠን እንደሚገባ አስተምሯል። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛም በ1952 እ.ኤ.አ. የአካል ክፍል ለመላው አካል ደኅንነት እንደሚገዛ ተናግረዋል። እንግዲህ ጉዳቱ የሚፈቀደው ሊቀር እስካልቻለ ድረስ ብቻ ነው። ጊዜ በመስጠት ሊቀር የሚችለውን ጉዳት በጥድፊያ ማድረስ ግን ምክንያት የለውም።

ይሁን እንጂ ለሕዋሱ ምሕረት የሆነው ጊዜ ለድኃው ሸክም ይሆናል። ከሞጣ ተነሥታ፣ ቢቸናንና ደጀንን አልፋ፣ የዓባይን በረሃ የምትሻገር እናት አዲስ አበባ ላይ ለአምስት ሳምንት ማደሪያና ቀለብ ያስፈልጋታል። መሣሪያው በአገሪቱ አንድ ብቻ በነበረባቸው ብዙ ዓመታት ተራ ለማግኘት እንኳ ወራት ይጠበቅ ነበር። ዛሬ አገልግሎቱ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም ቢኖር፣ ከምሥራቅ ጎጃም ለሚነሣ መንገዱ አሁንም ሩቅ ነው። ስንቅ አልቆባት ሕክምናውን ከመካከል ብታቋርጥ ካንሰሩ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ የተቀበለችው ሥቃይም ከንቱ ይቀራል።

ስለዚህ ወሰኑን የሚጠብቀው ሐኪሙ ብቻ አይደለም፤ እኛም ነን። ደጉ ሳምራዊ ቁስሉን አስሮ አልሄደም፤ ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት የሚቀጥሉትን ቀናት ወጪ ከፍሏል። ካቴኪስቶች በየቁምስናው የታመመውን ይጠይቁ፤ ምእመናን የመንገዱን ያዋጡ፤ አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ቤቱን ይክፈት። ምሥጢረ ቀንዲልም ለሞት አፋፍ ብቻ የተሰጠ አይደለምና በሽተኛው ጉዞውን ሳይጀምር ይቀበለው። ሐኪሙ ለሕዋሱ የማገገሚያ ጊዜ ሲሰጥ፣ ያንን ጊዜ ለበሽተኛው መስጠት የእኛ ፈንታ ነው።