የከፈተውን ጉሮሮ ማን ይዘጋዋል?

«የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም» ይላሉ አበው። የወሩ ማብቂያ ደርሶ የቤት ኪራዩ፣ ጤፉና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ተደራርበው እንቅልፍ ለነሱት ሰው የሚነገር ማጽናኛ ነው። አፍ የሰጠ ፈጣሪ ጉርሻ አይነፍግምና ልብህን አሳርፍ ማለት ነው።

ይህ ቃል ግን ሳይዘጋ ያደረውንም ጉሮሮ ፊት ለፊት ሊያይ ይገባዋል። በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ፣ ኮረም ሜዳ ላይ በረሃብ ያለቁት ወገኖቻችን እምነት ጎድሏቸው አልነበረም፤ ብዙዎቹ ማተባቸውን እንዳሰሩ ነው ያሸለቡት። ድርቁ ያመጣውን ረሃብ የእርስ በርስ ጦርነቱ አባባሰው። የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በድግስ ሲከበር የረሃቡ ወሬ ታፍኖ ነበር። ዝናቡ ከሰማይ ቢቀርም፣ እህሉን ከተራቡት ያራቀው በአብዛኛው የሰው ሥራ ነው።

እኔ እንደሚገባኝ ተረቱ አደራ ያለበት ተስፋ ነው። እግዚአብሔር ጉሮሮ የሚዘጋው በሰው እጅ ነውና። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 መናው ከሰማይ ወረደ፤ ሕዝቡ ግን በየማለዳው ወጥቶ መልቀም ነበረበት። ለነገ ብለው ያሳደሩት ተልቶ ሸተተ። በሰራፕታ ደግሞ ነቢዩን ኤልያስን እንድትመግብ የታዘዘችው ባለጸጋ ሳትሆን አንዲት መበለት ነበረች። የቀራትን እፍኝ ዱቄት ጋግራ ከልጇ ጋር በልታ ሞትን ልትጠብቅ እንጨት ስትለቅም ነው ያገኛት። አስቀድማ ለእንግዳው ጋገረች፤ ዱቄቱም ከማድጋው አልጎደለም።

በሰፈራችን ጉልት የምትቸረችር እናት አለች። ማልዳ ሽንኩርቷንና ቲማቲሟን በመደብ በመደብ ትደረድርና አማትባ ትቀመጣለች። ዝናብ ገበያውን ሲበትነው የእሷም ፊት ይጠቁራል፤ እምነት ጭንቀትን ድራሹን አያጠፋውም። ሲመሽ ግን ምንም ላልሸጠችው ጎረቤቷ ከቀራት ላይ ለወጥ የሚሆን ታነሣላታለች። «እንቺ እህቴ፣ እግዜር ያውቃል» ትላታለች። የዚያች ሴት ልጆች ጾማቸውን የማያድሩት በዚህች እናት እጅ ነው።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ስለ ነገ መጨነቅን የከለከለው እጃችንን አጣጥፈን እንድንቀመጥ አይደለም። የሰማይ ወፎችም ማለዳ ከጎጇቸው ይወጣሉ። ሌሊት በሐሳብ የሚነቃ ሰው ጸልዮ ነገን ለባለቤቱ ይስጥ፤ ሲነጋ የዕለቱን ሥራ ይሥራ፤ ማታ ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ጦሙን የሚያድር እንዳለ ይጠይቅ። የራስን ጓዳ ብቻ ሲቆጥሩ ማደር ፍርሃትን ያፋፋዋል፤ ለሌላው እጁን የዘረጋ ግን አምላክ እንዴት እንደሚመግብ በዓይኑ ያያል። ተረቱን ለተጨነቀ ሰው ከመናገራችን በፊት እኛው እንፈጽመው።