እንግዳ ሆነው የመጡ ወጣቶቻችን



በትንሣኤ ሰሞን ከምናስተነትናቸው የወንጌል ታሪኮች አንዱ ቅዱስ ሉቃስ በ24ኛው ምዕራፍ የሚተርክልን የኤማሁስ መንገደኞች ታሪክ ነው። ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል፤ ብዙ ጊዜም ሰብከነዋል። ነገር ግን አንድ ነገር ሳናስተውለው ያልፈናል። ሁለቱ ደቀ መዛሙርት የሚጓዙት ከኢየሩሳሌም ወጥተው ነው። ሐዋርያት የተሰበሰቡበትን ቤት፣ ባዶ የተገኘውን መቃብርና የሴቶቹን ምስክርነት ከኋላቸው ትተው፣ ተስፋቸው ተሟጦ ይሄዳሉ። ጌታችን በፊታቸው ቆሞ መንገድ አልዘጋባቸውም፤ እንዲመለሱ በማዘዝም አልጀመረም። ቀረበና እነርሱ በሚሄዱበት አቅጣጫ አብሯቸው ሄደ። ስለ ምን እንደሚነጋገሩ ጠየቃቸው፤ ከማንም ይልቅ እርሱ የሚያውቀውን ታሪክ ከአንደበታቸው እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ተግሣጹም ትምህርቱም የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 በሮም ስለ ወጣቶች፣ ስለ እምነትና ስለ ጥሪ የመከረው የጳጳሳት ሲኖዶስ ይህንኑ ታሪክ የውይይቱ መሠረት አድርጎት ነበር። ነፍሰ ኄር ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 2019 «ክርስቶስ ሕያው ነው» በተሰኘው ሐዋርያዊ ምክራቸው፣ ወጣቶች የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ተቀባዮች ብቻ ሳይሆኑ ራሳቸው አገልጋዮች መሆናቸውን አስተምረዋል። እኛ ዛሬ ልናስተነትን የወደድነው ይህ ትምህርት በራሳችን ደጃፍ ምን እንደሚጠይቀን ነው።

ደጃፋችን ስንል ራስ መኮንን ድልድይን ማለታችን ነው። የልደታ ለማርያም ካቴድራላችን በሚገኝበት በዚህ በአራዳ አካባቢ፣ ከማለዳ እስከ ምሽት የሚያልፈው ሕዝብ ብዛት ያለው ወጣት ነው። ወደ አራት ኪሎና ወደ ስድስት ኪሎ የሚወጣ ተማሪ አለ፤ በፒያሳ ካፌዎችና ሱቆች የምትሠራ ወጣት አለች፤ ቀኑን በግንባታ ሥራ ውሎ ወደ ኪራይ ክፍሉ የሚመለስ የቀን ሠራተኛ አለ። ከእነዚህ መካከል ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከሲዳማ፣ ከከፋና ከጉራጌ የመጡ ካቶሊካውያን ልጆቻችን ይገኛሉ። በትውልድ ቀያቸው ካህኑ በስማቸው የሚጠራቸው፣ የመዝሙሩን ተራ የሚመሩ፣ ሕፃናትን ዳዊትና ጸሎት ያስጠኑ ነበሩ። እዚህ ግን ማንም አያውቃቸውም። በመጀመሪያው እሑድ መጥተው ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ቅዳሴው ሲያልቅ ይወጣሉ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው እሑድ አይመጡም። ብዙዎቹ ከእኛ የሚርቁት ትምህርታችንን መርምረው ስለ ጣሉት አይደለም፤ ስማቸውን የጠየቃቸው ሰው ባለመኖሩ ነው ብለን እናምናለን።

ከመጀመሪያዎቹ መሰናክሎች አንዱ የሥርዓተ አምልኮ ልዩነት ነው። የሶዶ፣ የሆሳዕና፣ የሐዋሳ፣ የመቂ፣ የነቀምቴና የጅማ ቦንጋ ሀገረ ስብከቶች ምእመናን የላቲንን ሥርዓት ይከተላሉ፤ የአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳሳዊ ሀገረ ስብከት፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው የእምድብር ሀገረ ስብከት ደግሞ የግእዝ ሥርዓት ናቸው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው፣ በከበሮና በጭብጨባ ሲዘምር ያደገ ወጣት በግእዝ ዜማ የሚመራውን ረጅም ቅዳሴ ሲሰማ ወደ ሌላ ሃይማኖት የገባ እስኪመስለው ድረስ ግራ ይጋባል። መምህራን ሆይ፣ ለእንደዚህ ያለው ወጣት የምንሰጠው መልስ ግልጽ ይሁን። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 1964 ስለ ምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ባወጣው ድንጋጌ የሥርዓቶቹ ክብር እኩል መሆኑን አጽንቷል። በቤተ ክርስቲያን ሕግ መሠረትም በሌላ ሥርዓት ማስቀደስና ምሥጢራትን መቀበል፣ ለረጅም ጊዜ ቢሆን እንኳ፣ ሰውን ከተጠመቀበት ሥርዓት አያስወጣውም። የሶዶ ልጅ በልደታ አራት ዓመት ቢያስቀድስ ያው የሶዶ ልጅ ነው። ይህን ሲሰማ ፍርሃቱ ይለቀዋል፤ ያን ጊዜም የግእዙን ቅዳሴ ውበት በጊዜው ይማረዋል። እኛም በበኩላችን ከዜማዎቹ አንዱን በስብሰባችን መካከል እንዲያስተምረን ብንጠይቀው የምናጣው ነገር የለም።

በሌላው ዓለም ያለችው ቤተ ክርስቲያንም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟታል። በአሜሪካ ከሜክሲኮ፣ ከማዕከላዊና ከደቡብ አሜሪካ የመጡ፣ ወይም ከስደተኛ ወላጆች እዚያው የተወለዱ ወጣቶች እጅግ ብዙ ናቸው። ቁምስናዎቹ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ማኅበር ነበራቸው፤ ለባለትዳሮችም ነበራቸው። በስፓኝ ቋንቋ ግን «ኾቨን» የሚባለው ከ16 ዓመት ገደማ አንሥቶ እስከ 30 ያለው፣ ትዳር ያልያዘው ሁሉ ነው። ስለዚህ በእርሻ ወይም በሆቴል የሚሠራው የ22 ዓመት ወጣት በእንግሊዝኛ ለሚነጋገሩት ለጋዎች ትልቅ፣ ለባለትዳሮቹ ትንሽ ሆኖ ከሁለቱም ውጭ ቀረ። ለእርሱ የሚሆነውን አገልግሎት ከማንም በላይ ያሳደጉት እነዚያው ወጣቶች ናቸው። በየቁምስናው ተሰብስበው ተወያዩ፤ ከዚያ በሀገረ ስብከት፣ ከዚያም በክልል ተገናኙ፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2006 በኢንዲያና በሚገኘው በኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ሀገር አቀፍ ጉባኤያቸውን አደረጉ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 በቴክሳስ በተካሄደው አምስተኛው የሂስፓኒክ ካቶሊካውያን ሀገር አቀፍ ጉባኤም ወጣቶች ከተወካዮቹ መካከል ነበሩ።

የእኛም «ወጣት» የሚለው ቃል ከዚያ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የሀገራችን የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። በቁምስናዎቻችን ግን ለሕፃናት ትምህርተ ክርስቶስ አለ፤ ለሚጋቡትም የጋብቻ ትምህርት አለ፤ በሁለቱ መካከል ላሉት ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመታት ብዙውን ጊዜ የምናቀርበው መዘምራንን ብቻ ነው። መዘምራንን ማቃለላችን አይደለም፤ ያለ እነርሱ በዓላችን በዓል አይመስልም። ሆኖም ድምፅ የሌለው ወጣት ምን ይሁን?

ሩቅ ሀገር መሄድ ሳያስፈልገን የራሳችን አባቶችም ያስተምሩናል። ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆብ እ.ኤ.አ. በ1839 ዐድዋ ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ ቋንቋውን ተማረ፤ የሀገሩን ሥርዓት አከበረ፤ በዙሪያው የተሰበሰቡትን ወጣቶች እንደ እነርሱ እየበላና እንደ እነርሱ እየለበሰ አሳደገ። ለራስ መኮንን ድልድይ ቅርብ የሆነ ሌላ ምስክርም አለን። ከካናዳ የመጡ ኢየሱሳውያን እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን አስተዳደሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም አባ ሉሲየን ማት በፕሬዚዳንትነት መሩት። ንጉሠ ነገሥቱ ሃይማኖት እንዳይሰብኩና የካህን ልብስ እንዳይለብሱ አስገድደዋቸው ነበር። እነርሱም በተራ ልብስ ገብተው፣ በመልካም ማስተማርና በመልካም መኖር ብቻ አገለገሉ። ከእነርሱ የተማሩ ብዙዎች ሀገር የመሩ ሰዎች ሆኑ። ስብከት በተከለከለበት ቦታ እንኳ ከወጣቱ ጎን መገኘት ከተቻለ፣ በሩ ክፍት በሆነልን በእኛ ዘመን ምክንያታችን ምንድን ነው?

አሁን ወደ አንድ ነገር እንመለስ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደን እርሱ ነውና። በሀገራችን መርዶ ሥርዓት አለው። ዘመድና ወዳጅ ተጠራርቶ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ በር ያንኳኳል። ሐዘንተኛው ብቻውን አይሰማም፤ የሚይዘው ሰው በግራና በቀኙ ቆሞ ነው የሚነገረው። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ንፍሮውንና ቡናውን ያቀርባል፤ ሰው ሦስት ቀን አብሮት ይቀመጣል። በአዲስ አበባ በአንዲት ክፍል በደባልነት የሚኖረው የገጠር ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ ዕድር የለውም። ዕድር ቤት ላለው፣ ሰፈር ለያዘው ነው። እናቱ ስታርፍ መርዶውን የሚነግረው የእጅ ስልኩ ነው። ሌሊት ይጮኻል፤ ያነሣዋል፤ ከዚያም ደባሉን ላለመቀስቀስ አፉን በብርድ ልብስ ይዞ ያለቅሳል። ሲነጋ መሳፈሪያ ይቸግረዋል፤ አሠሪው ስንት ቀን እንደሚፈቅድለትም አያውቅም። አከራዩ ደግ ሰው ከሆኑ «እግዚአብሔር ያጥናህ» ይሉታል። ከዚያ ውጭ ማን አለው?

ክርስቲያናዊ ማኅበር እዚህ ላይ ይፈተናል። ወጣቶቻችን በማኅበር ተደራጅተው ከሆነ፣ ወሬው በደረሳቸው ሰዓት ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ወደዚያች ክፍል ይሄዳሉ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም፤ አብረውት መሬት ላይ ይቀመጣሉ፤ ሻይ ያፈላሉ፤ ለመሳፈሪያው ያዋጣሉ፤ እስከ መናኸሪያ ይሸኙታል። አንዱ ወደ አሠሪው ዘንድ ሄዶ ያስረዳለታል። ከሐዘን ሲመለስም ለእናቱ ነፍስ የመታሰቢያ ቅዳሴ ያሳርጉለታል፤ ያን ቀን ስሟ በመሠዊያው ፊት ሲጠራ የሚሰማ ወጣት ስለ ቅዱሳን አንድነት የምንሰጠውን ትምህርት ከየትኛውም ጉባኤ በላይ ይረዳዋል። በበዓል ቀን የሚሞላውን አዳራሽ ቆጥረን አገልግሎታችን አደገ ማለት ቀላል ነው። እኛ ግን እድገቱን ልንለካበት የምንወደው በዚህች ሌሊት ነው፤ ከሐዘንተኛው ጋር የሚቀመጥ ሰው ተገኝቷል ወይስ አልተገኘም?

መጽናናት ብቻውን ግን አይበቃም። ጌታችን የመንገደኞቹን ልብ ከሰማ በኋላ ከሙሴና ከነቢያት ሁሉ ጀምሮ አስተማራቸው። ደባሉ ኦርቶዶክሳዊ ወይም ወንጌላዊ የሆነ ወጣት ስለ እመቤታችን፣ ስለ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት፣ ስለ ንስሐ በየማታው ይጠየቃል። በአክብሮትና በእውቀት እንዲመልስ ካላስታጠቅነው፣ ወይ ዝም ይላል ወይ ይጣላል፤ ሁለቱም አይጠቅሙም። ትምህርቱ ከኑሮው ጋር የተገናኘ እንዲሆን፣ የቤልጅጉ ካህን ጆሴፍ ካርደይን ለወጣት ሠራተኞች ያስተማሩት መንገድ ዛሬም ይረዳናል። ማኅበራቸውን እ.ኤ.አ. በ1925 መሠረቱ፤ ዘዴውም ማየት፣ መመዘንና ማድረግ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛም እ.ኤ.አ. በ1961 በጻፉት ማኅበራዊ መልእክት ደግፈውታል። በካፌ የምትሠራ እኅታችን ደመወዟ ያለ አግባብ ሲቆረጥባት፣ ጓደኞቿ በመጀመሪያ ነገሩን በትክክል ይመረምራሉ፤ ቀጥሎ በወንጌል ብርሃን ይመዝኑታል፤ ከዚያ የሚቻላቸውን አንድ ነገር ያደርጋሉ። ካህኑ በመካከላቸው ይቀመጥ፤ ሊቀ መንበርነቱን ግን ለእነርሱ ይተው። የማኅበሩን ገንዘብ ይያዙ፤ ሕሙማንን ይጎብኙ፤ ሕፃናትን ያስተምሩ። የኤማሁስ መንገደኞች በእንጀራው መቆረስ ጌታን ባወቁት ጊዜ በዚያው ሌሊት ተነሥተው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ። ያዘዛቸው ማንም አልነበረም።

ሌላ ችግርም በቅርቡ ተጨምሮብናል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዙሪያዋ በተካሄደው የመልሶ ማልማትና የኮሪደር ሥራ የቆዩ ሰፈሮች ፈርሰዋል፤ ብዙ ቤተ ሰቦችም ወደ ከተማይቱ ዳርቻ ተዛውረዋል። ከእነርሱ ጋር በርካሽ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ የነበሩ ወጣቶችም ተበትነዋል። ለአንዳንዱ ካቴድራሉ ሁለት ታክሲ ይርቀዋል፤ የእሑድ ጧት ደግሞ ለካፌ ሠራተኛ ከሳምንቱ ሁሉ ሥራ የሚበዛበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ስብሰባው ሁልጊዜ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ሁልጊዜም በእሑድ ጧት መሆን የለበትም። በምሽት፣ በአንዱ ወጣት የኪራይ ክፍል፣ አምስት ወይም ስድስት ሆነው ወንጌል ቢያነቡ ቤተ ክርስቲያን በዚያ አለች።

ይህ መጽሔት ለሚደርሳችሁ፣ በደቡብና በምዕራብ ለምታገለግሉ ካህናትና መምህራን አንድ ልመና አለን። ልጆቻችሁ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ሲነሡ ባዶ እጃቸውን አትስደዷቸው። የቁምስናችሁን ማኅተም ያረፈበት አጭር ደብዳቤ ስጧቸው፤ ስማቸውን፣ የተጠመቁበትን ቁምስና፣ የሚያውቁትን አገልግሎት፣ የስልክ ቁጥራቸውንና በሐዘን ጊዜ የሚጠራ የቤተ ሰብ ስም ጻፉበት። በአዲስ አበባ ያለን ደግሞ በየቁምስናችን እነዚህን ደብዳቤዎች የሚቀበሉ አንድ ወጣት ወንድና አንዲት ወጣት ሴት እንመድብ፤ ቢቻል እነርሱም ራሳቸው ከክፍለ ሀገር መጥተው የዚህን ከተማ የመጀመሪያ ወራት ያዩ ይሁኑ። ደብዳቤው የደረሳቸው ቀን ይደውሉ፤ እሑድን አይጠብቁ።