የመጥበሻው ንጽሕና

ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር ጓደኛዬ በስልክ ያጫወተችኝ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል። አብራት ቤት የተከራየች አሜሪካዊት የአሳማ ጎድን በእንቁላል ነክራ፣ የዳቦ ፍርፋሪ አልብሳ፣ ሁለቱ አዋጥተው በገዙት የአየር መጥበሻ ታበስላለች። ዘይቱ ጠብታ ነው፤ ማራገቢያው የጋለ አየር እያዞረ ፍርፋሪውን ያደርቀዋል፤ ሲነክሱት ኩርሽም ይላል።

በማግስቱ የእኛዋ ልጅ ድንች ልትጠብስ ስትል እጇ ተያዘ። ቅርጫቱስ ታጥቧል፤ ማራገቢያው ግን እንዴት ይታጠባል?

እንግዲህ ርኩሰቱ ያለው ከብረቱ ላይ ነው ወይስ ከልባችን? ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 አሳማን፣ ሰኮናው ቢሰነጠቅም ስለማያመሰኳ፣ ይከለክላል። ብዙዎቻችን ግን ጥቅሱን ከማወቃችን በፊት መጸየፉን ተምረናል። መጸየፍ ደግሞ ብቻውን ሕሊና አይደለም፤ ሕሊና ሲጠይቁት ይመልሳል፣ መጸየፍ ፊቱን ያዞራል።

ቢሆንም አላፌዝበትም። ሰው የማይበላው ነገር አጥሩ ነው። አጥር ግን የሚታጠረው በራስ ግቢ ነው። «አትጥበሺ» ብትላት የሰው ግቢ መግፋት ይሆንባት ነበር፤ እንዳላየች ሆና ብትጠቀምበትም ራሷን መዋሸት።

እውነቱን ነገረቻትና ድርሻዋን ተወችላት። ዛሬ ድንቿን በድሮው መጥበሻ፣ በዘይት ትጠብሳለች። ንጽሕና ዋጋው ከራስ ኪስ ሲከፈል ያምራል።