ጧሪ ወይስ ተጧሪ? ጉልበት ሳይደክም ሥራን ስለ መተው

«ጡረታ» የሚለው ቃል የተገኘው «ጦረ» ከሚለው ግሥ ነው። መጦር ማለት ያረጀውን፣ የደከመውን፣ ራሱን መርዳት ያቃተውን ሰው ማብላት፣ ማልበስና መደገፍ ነው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃትም የመጣው ከዚሁ ነው። ስለዚህ ቃሉ ሁልጊዜ ሁለት ሰዎችን ያስከትላል፤ አንዱ አቅም ያለው ጧሪ ነው፤ ሁለተኛው አቅም ያነሰው ተጧሪ ነው። እንግዲህ ዕድሜው ገና ሃምሳ አምስት ዓመት የሆነ፣ ዐይኑ አጥርቶ የሚያይ፣ እግሩ ዳገት የሚወጣ ሰው በገዛ ፈቃዱ ከመንግሥት ሥራ ተሰናብቶ የጡረታ አበል መቀበል ሲጀምር ከሁለቱ በየትኛው ስም ልንጠራው ይገባል? ጥያቄው የቃል ጨዋታ አይደለም። ሰውየው የሚቀሩትን ዓመታት እንዴት እንደሚኖራቸው የሚወስነው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው።

ጡረታ በሕግ ሲደነገግ በመጀመሪያ የታሰበው ለደካማው ነበር። በጀርመን አገር በቢስማርክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣው ሕግ የእርጅና አበልን የወሰነው ሰባ ዓመት ለሞላው ሽማግሌ ነው። በእኛም አገር በ1953 ዓ.ም. ድንጋጌ ቁጥር 46፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209 ከወጡ ወዲህ የመንግሥት ሠራተኛ እርጅናው በልጆቹ እጅ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ መሆኑ ቀረ። ከብዙ ዘመን በኋላ በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 የመውጫውን ዕድሜ 60 ዓመት አድርጎ ሲወስን፣ 25 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በፈቃዱ ሥራውን ቢለቅ፣ ለመውጫው አምስት ዓመት ሲቀረው አበሉን መቀበል እንዲጀምር ፈቀደ። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶ፣ በሆለታና በአዲስ ዓለም የሚኖሩ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የግብርና ሠራተኞችና ጸሐፊዎች ሃምሳውን ዓመት ሲያልፉ በልባቸው የሚያወጡትና የሚያወርዱት ይህንኑ ነው።

ገንዘቡን አስቀድሞ ማስላት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በዚያው በ2003 ዓ.ም. አዋጅ ስሌት መሠረት አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው አበል የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለት ነበር። ስለዚህ በዚያ ስሌት 25 ዓመት ያገለገለ መምህር ይደርሰው የነበረው 48.75 በመቶ፣ ይኸውም ከግማሽ ያነሰ ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው ሥራውን ከመተዉ ሁለት ዓመት አስቀድሞ በአበሉ ልክ ለመኖር ቢሞክርና ትርፉን ቢያስቀምጥ፣ ሁለት ጥቅም ያገኛል፤ ጥሪት ያበጃል፤ ኑሮውንም ገና ሳይገባበት ይቀምሰዋል። ነገር ግን ሙሉው ደመወዝ እንኳ ለወር የማያደርሰውን ሰው «ግማሹን አስቀምጥ» ብሎ መምከር በድኻ ላይ መቀለድ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሰው ሥራውን ቀድሞ ቢለቅ ወደ ዕረፍት ሳይሆን ወደ ሌላ ሥራ መሄዱ እንደ ሆነ ራሱም ቤተ ሰቡም ቁርጡን ሊያውቁት ይገባል።

የሆነ ሆኖ ገንዘብ የተሟላለትም ሰው ወንበሩን በለቀቀ በወሩ ሲጨነቅ ይታያል። ምክንያቱ ምንድን ነው? የዚህን መልስ በከፊል ከታሪካችን ልናገኘው እንችላለን። በቀድሞው ሥርዓት ሹመት የሚሰጥበት እንጂ የሚያበቃበት ቀን አይታወቅም ነበር። ሹም ሽር እንደ ድንገተኛ ዝናም ይመጣል፤ የተሻረው ሰው ደግሞ ቤቱ አይቀመጥም፤ እንደገና ለመሾም ደጅ ሲጠና ዓመታት ያልፉበታል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የተወለደው ከዚህ ኑሮ ነው። በዚህ ተረት ዘንድ ከሹመት በኋላ ያለው ዘመን ቁጭት ብቻ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ዛሬም አንዳንዱ ጡረተኛ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱን በር ሳይሳለም መዋል የሚያቅተው፣ በስሙ ብቻ ሲጠሩት የተናቀ የሚመስለው፣ ሰውነቱን ከወንበሩ ለይቶ ስላላወቀው ነው።

በዚሁ በምዕራብ ሸዋ ምድር ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ትምህርት ኖሯል። የመጫ ኦሮሞ የገዳ ማዕከል ኦዳ ቢሲል የሚገኘው በዚሁ አገር ነው። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን የሚያዘው ለ8 ዓመት ነው፤ አባ ገዳው በሚሾምበት ቀን የሚወርድበትን ዘመን ያውቃል፤ ሕዝቡም ያውቃል። ልጁ ከዳበሌ ጀምሮ እርከኑን ሲወጣ የሚማረው ሥልጣን መያዝን ብቻ ሳይሆን ማስረከብንም ነው። ከሁሉም የሚደንቀው የሚከተለው ነው፤ ሥልጣኑን ያስረከበው ሰው ወደ ባዶ አይወርድም፤ ዩባ ወደሚባለው እርከን ያልፋል፤ በዚያም አማካሪና የሕግ ዐዋቂ ሆኖ ይከበራል። ማዘዝ ይቀርበታል፤ መምከር ይጀምርለታል። ይህ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሠፍሯል። እኛ ግን በመዝገብ ላይ በመሥፈሩ ከመደሰት አልፈን ልንማርበት ይገባል። ሥራ መልቀቅ ከማዕርግ መውደቅ ሳይሆን ወደ ሌላ ማዕርግ መሻገር ሊሆን እንደሚችል፣ ለዚህም ዝግጅቱ ከሹመቱ ቀን እንደሚጀምር ያስተምረናልና።

የቤተ ክርስቲያን ትውፊትም ሌላ ምሳሌ ይሰጠናል። ንጉሥ ካሌብ በስድስተኛው መቶ ዓመት ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ መነነ ይባላል። ከእርሱም በኋላ ብዙ መኳንንትና ወይዛዝርት በኋለኛ ዕድሜያቸው ቆብ ጭነዋል። ገዳም ግን ሥራ የሚፈታበት ቦታ አይደለም። ወደዚያ የሚገባ ሰው አስቀድሞ ረድእ ሆኖ ውኃ ይቀዳል፤ እንጨት ይሰብራል፤ ትናንት ሲያዝ የነበረው ዛሬ ይታዘዛል። ጡረታ የወጣ ሁሉ ይመንኩስ ማለታችን አይደለም። ነገር ግን አዲስ ኑሮ ከታች መጀመርን እንደሚጠይቅ ከዚህ ይበልጥ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

«አገር ሰው በሚያስፈልጋት ጊዜ ጉልበት ያለው ሰው ሥራውን ቢተው ሽሽት አይሆንምን?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚጠብቅ ወጣት በየከተማው አለ፤ አንጋፋው ቦታ ሲለቅ ለእርሱ መንገድ ይከፈታል። ሁለቱም እውነት ስለ ሆኑ ፍርዱ የሚታወቀው ከአወጣጡ ነው። በመሥሪያ ቤት ርክክብ ሲባል የምናውቀው ቁልፍ፣ ማኅተም፣ ወንበርና መዝገብ ቆጥሮ ማስረከብን ነው። መምህሩ በሃያ አምስት ዓመት የተማረው፣ ይኸውም የትኛው ልጅ ዝም ሲል እንዳልገባው፣ የትኛው ዝም ሲል እንደ ራበው የሚለይበት ዕውቀት በየትኛውም የርክክብ ቅጽ ላይ አይሞላም። የግብርና ሠራተኛው በእግሩ ዞሮ ያወቀው የየቀበሌው አፈርና የየገበሬው ጠባይም እንዲሁ ነው። ይህን ለተተኪው ሳያስተምር የሚወጣ ሰው ስድሳ ዓመት ሞልቶት ቢወጣም እንኳ ሸሽቷል። አስተምሮ የሚወጣ ግን በሃምሳ አምስት ቢወጣም ዕዳውን ከፍሏል።

ስለ ቤትም አንድ ነገር እንበል። ባል ለሃያ አምስት ዓመት ጧት ወጥቶ ማታ ሲገባ ቤቱን ያስተዳደረችው ሚስት ናት። እርሷም ብዙ ጊዜ የራሷ የመንግሥት ወይም የገበያ ሥራ እያላት ነው። የቤት ሥራ ጡረታ የለውም፤ አበልም አይቆረጥለትም። ባል ጡረታ በወጣ ማግሥት ምድጃውን እንደ ቢሮ ሊቆጣጠር፣ የሽሮውን ወጪ እንደ ሒሳብ መርማሪ ሊጠይቅ ቢነሣ ያ ቤት ሰላም አይኖረውም። በቤቱ ውስጥ አዲስ ተቀጣሪ እርሱ መሆኑን ቢያውቅና ከእርሷ ሸክም የተወሰነውን በትሕትና ቢቀበል ግን የመጀመሪያው የጧሪነት ሥራው ይህ ይሆናል። ስለዚህ መልቀቂያውን ከመጻፉ በፊት የመጀመሪያው ምክክር ከባለቤቱ ጋር ሊሆን ይገባል።

ከቤት ውጭስ ምን አለ? ብዙ አለ። ዕድሩ መዝገብ የሚይዝለት ሐቀኛ ሰው ይፈልጋል፤ የተጣሉ ጎረቤቶች ሽማግሌ ይሻሉ፤ ንባብ ያቃተው የሰፈር ልጅ በቀን አንድ ሰዓት የሚያስጠናው ቢያገኝ ሕይወቱ ይለወጣል። የአምቦና የጉደር ምድር አትክልትና ፍራፍሬ ለሚወድ ሰው እጁን አይነፍግም። ነገር ግን ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የሚያዝ አይደለም። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ከመንግሥት ሥራ ከራቁ በኋላ በ1974 ዓ.ም. «ወንጀለኛው ዳኛ»ን፣ በ1980 ዓ.ም. «የልም እዣት»ን፣ በ1985 ዓ.ም. ሰማንያ ዓመት አልፏቸው «ትዝታ»ን አሳትመዋል። ብዕሩን ያነሡት ግን ከሥራ ሲሰናበቱ አልነበረም፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ገና በከፍተኛ የመንግሥት ኃላፊነት ላይ ሳሉ ነው። በሥራ ዘመኑ ከደመወዙ ውጭ የሚወደው አንድ ነገር ያላበጀ ሰው ጡረታ ሲወጣ ነፃ ጊዜ ያገኛል እንጂ የሚያደርገውን አያገኝም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ቀድሞ ጡረታ የወጣ ሰው እጁ የተጧሪ ገንዘብ ይቀበላል፤ ክንዱ ግን ገና የጧሪ ጉልበት አለው። ያ ገንዘብ እርሱ ሲያዋጣ ከኖረው ጋር በሥራ ላይ ያሉ ወጣቶች ከሚያዋጡትም ጭምር የተገኘ ነው። ስለዚህ አበሉ መብቱ ቢሆንም፣ ጉልበቱ እስኪደክም ድረስ አንድ የሚጦረው ነገር ሊኖረው ይገባል፤ ሰው ወይም ዛፍ፣ ዕውቀት ወይም የሰፈር ሰላም ሊሆን ይችላል። ሃምሳ ዓመት የሞላውና መልቀቂያውን የሚያስብ ሰው «ከሥራ የማርፈው መቼ ነው?» ከማለቱ በፊት «ማንን ልጦር ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መልሱን ካገኘ በዚያው ሳምንት ይጀምረው፤ አምስት ዓመት ቀድሞ የጀመረው ሥራ መልቀቂያውን በጻፈ ቀን እጁ ላይ ይጠብቀዋል።