በቤት ውስጥ ስለሚያድግ የወይን ሐረግ

ሰው ለማይናገር ተክል ማዘኑ ደግነት ነውን? ወይስ ለባልንጀራው ሊሰጥ ከሚገባው ኀዘኔታ ቀንሶ ለማይገባው መስጠት ነው? ይህ ጥያቄ ለጨዋታ የተነሣ ይመስላል፤ ነገር ግን በየቤቱ የሚገኝና የልብን ምሥጢር የሚገልጥ ጥያቄ ነው።

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፥ በቦረና ደጋ ላይ የተመሠረተች ከተማ ናት። ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲቈለቍል ሙቀቱ ይበረታል፤ በደጋው ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሚወርደው ውርጭ ለጋውን ቅጠል ያቃጥላል። ስለዚህ በዚያ አገር ወይንን ለዓይን ደስታ፥ ቢሆንለትም ለፍሬው ሊያሳድግ የወደደ ሰው፥ በሸክላ ተክሎ ከጣራው በታች በመስኮቱ አጠገብ ቢያኖረው መልካም ነው። ወይን በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የከበረ ተክል መሆኑ የታወቀ ነው፤ ለቍርባን የሚቀርበው ከደረቀው ፍሬው ከዘቢብ ይዘጋጃልና። ጸሐፊዎችም በብራናው ራስጌ የሚሥሉትን ጌጥ «ሐረግ» ብለው በተክል ስም ጠርተውታል።

ከጣራ በታች የገባ ተክል ግን ሥርዓቱ ይለወጣል። በሜዳ ሳለ ዝናሙን ከሰማይ፥ ጤዛውን ከሌሊት ይቀበል ነበር፤ ሥሩም ውሃ ፍለጋ ወደ ጥልቅ ይወርድ ነበር። በሸክላ ከተተከለ በኋላ ግን ሁሉን ነገር ከአንድ ሰው እጅ ይጠብቃል። እንግዲህ ያ ሰው ጌጥ ብቻ ያገባ አይምሰለው፤ ዕዳም አግብቷል። ተክሉ ወደ ቤት አስገቡኝ ብሎ አልለመነም፤ ያስገባው ሰው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠባቂው ነው።

የጥበቃውም ሥራ ትዕግሥትን ይጠይቃል። ሸክላው ከታች የተበሳ፥ አፈሩም ከበሰበሰ ፍግ ጋር የተደባለቀ ይሁን፤ ውሃ የሚተኛበት ሥር ይበሰብሳልና። ውሃውም በልማድ ሳይሆን የአፈሩ ገጽ መድረቁ በጣት ተዳስሶ ይሰጠው። ብርሃን ያነሰው ሐረግ ይገረጣል፥ ይቀጥናል፥ ወደ መስኮቱም ያዘነብላል፤ ይህም በጥላ በኩል ያለው የግንዱ ወገን ፈጥኖ ስለሚያድግ ነው። ድጋፍም ያስፈልገዋል። እንግሊዛዊው ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1865 ስለ ሐረጎች ጠባይ ባሳተመው ጥናቱ፥ የሚይዘው ነገር ያገኘ የሐረግ እጅ እየወፈረና እየጠነከረ እንደሚሄድ፥ ምንም ያልያዘው ግን ብዙ ጊዜ ደርቆ እንደሚወድቅ አሳይቷል። ወይን የሚያፈራውም ካለፈው ዓመት ቅርንጫፍ ላይ በሚወጣው አዲስ ቀንበጥ ስለሆነ፥ በጊዜው ካልተገረዘ ቅጠሉ ይበዛል እንጂ ፍሬው አይገኝም። በቤት ውስጥ ሲሆን ፍሬው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ግሪኮችና አርመኖች ለጋውን ቅጠል ቀቅለው ሩዝና ሥጋ እየጠቀለሉ ይበሉታልና፥ ያለ ፍሬም ቢሆን ለማዕድ ይጠቅማል።

እዚህ ላይ ተቃዋሚ ተነሥቶ እንዲህ ይል ይሆናል፦ «ውሃ በእንስራና በጀሪካን በሴት ጀርባ እየታዘለ በሚመጣበት አገር፥ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ባሠቃየው በወሎ ምድር፥ ለጌጥ ሐረግ ውሃ ማፍሰስ ይገባልን?» ይህ ቃል ከባድ ነው፤ በቀልድም የሚመለስ አይደለም። ባለቤቱ ከምንጭ በመጣው ንጹሕ ውሃ ሐረጉን እያጠጣ የተሸከመችውን ሴት ድካም ካላሰበ፥ በእርግጥ በድሏል። ሳሙናና ጨው ያልነካው የእህልና የጎመን እጣቢ ግን ለወይን ይበቃዋል። ይህም ሆኖ የተቃዋሚው ነገር በውሃው ብቻ አይፈጸምም። ለሐረጉ ውሃ የከለከለ ሰው ያንኑ ውሃ ለተጠማ ካልሰጠ፥ ሐረጉ ደረቀ እንጂ ድኻው አልጠጣም።

በጾመ ነነዌ በየዓመቱ በቤተ ክርስቲያን የሚነበበው የነቢዩ ዮናስ ታሪክ ለዚህ ክርክር ፍርድ ይሰጣል። ዮናስ ከከተማይቱ ውጭ ተቀምጦ ሳለ ቅል በላዩ አደገችለት፤ በጥላዋም ደስ አለው። በማግሥቱ ትል መታት፥ ደረቀችም፤ ዮናስም እስከ ሞት ድረስ አዘነ። እግዚአብሔር የገሠጸው ለቅሊቱ ስላዘነ አይደለም፤ ኀዘኑ ከቅሊቱ አልፎ ግራና ቀኙን ወደማይለዩት ከ120 ሺህ ወደሚበልጡ የነነዌ ሰዎች ስላልደረሰ ነው። እንዲያውም ያችኑ ትንሽ ኀዘን እንደ መሰላል አድርጎ ወደ ታላቁ ርኅራኄ ሊያወጣው ወደደ። ደግሞም ዮናስ የወደደው ቅሊቱን ነው ወይስ ጥላውን? አልተከላትም፥ አላሳደጋትም፤ ስለዚህ ያለቀሰው ለራሱ ምቾት ነበር ማለት ይቻላል። ወይንን ተክሎ እስከ ሦስተኛው ዓመት ድረስ ፍሬ ሳያይ የሚያጠጣ ሰው ግን፥ ሳይቀበል መስጠትን በየቀኑ ይለማመዳል። ይህ ልማድ በተክሉ ላይ ተወስኖ ከቀረ ጨዋታ ነው፤ ወደ ሰው ከተሻገረ ግን ትምህርት ነው።

ወይን ራሱም ለዚህ መንገድ ያሳያል። የሚራባው አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ወይን በተቈረጠ ቅርንጫፍ ነውና፥ በቤቱ ያለው ሐረግ ቀድሞ በሌላ ሰው እጅ የነበረ ነው። ስለዚህ ተካዩ ከግርዘቱ የተረፈውን ቅርንጫፍ ወደ እሳት ከመጣል ለለመነው ጎረቤት ቢሰጥ፥ የተቀበለውን መለሰ እንጂ ከራሱ አልጐደለበትም።

ነቢዩ ሚክያስ የሰላምን ዘመን ሲያመለክት፥ ሰው ሁሉ ያለ ፍርሃት ከወይኑና ከበለሱ በታች እንደሚቀመጥ ተናግሯል። እያንዳንዱ ባለ ወይን የሚሆንበት፥ ማንም የማያስፈራራበት ሰላም ነው እንጂ፥ አንዱ ብቻ በጥላ ሥር ሌላው በፀሓይ የሚሆንበት አይደለም። የመካነ ሰላም ስም ትርጓሜው የሰላም ስፍራ ነውና፥ በዚያች ከተማ በመስኮቱ ሥር ሐረግ የሚያሳድግ ሰው ይህን ያስብ፤ ማለዳ ተነሥቶ አፈሩን በጣቱ በዳሰሰ ጊዜም፥ ያላጨሰውን የጎረቤት ቤት ደጅ ሄዶ ይጠይቅ።