እስከ ሽበት የሚሸከም አምላክ
ስብከት፤ ኢሳይያስ 46፥3-4



አንዲት እኅት ልንጠይቅ ወደ ቤቷ በሄድን ጊዜ፥ ከአልጋ የማይነሡትን እናቷን አጥሚት በማንኪያ ስታጠጣ አገኘናት። እናቲቱ ልጃቸውን «እማዬ» ብለው ጠሩአት። ልትሸኘን በወጣች ጊዜ ግን፥ «እናቴ ስሜን ረሳች፤ አሁን ደግሞ መዋጥ እያቃታት ነው። በረኃብ የምገድላት እኔ እሆንን?» ብላ አለቀሰች። ይህ ጥያቄ የብዙ ቤት ጥያቄ ስለ ሆነ፥ ዛሬ በእግዚአብሔር ቃል ፊት ልናስበው ወደድን።

አስቀድመን በሽታውን እንወቅ። እኛ «ጃጁ» ብለን የምናልፈው ነገር ብዙ ጊዜ የአንጎል በሽታ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም. የአንዲት ታማሚ ሴትን ነገር ለሐኪሞች ጉባኤ ስለ ገለጠ፥ በሽታው በእርሱ ስም ይጠራል። የአንጎል ሕዋሳት ጥቂት በጥቂት ይሞታሉ፤ በመጀመሪያ የቅርቡ ነገር ይረሳል፥ በመጨረሻም መናገር፥ መራመድ፥ መዋጥም ይጠፋል። የሚፈውሰው መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። እንግዲህ ርግማን ነው፥ የክፉ መንፈስ ሥራ ነው እያልን ታማሚውን የምናሳፍር አንሁን።

በካቴኪዝማችን አራተኛው ትእዛዝ አባትንና እናትን እንድናከብር ያዘናል። ይህ ትእዛዝ ወላጅ ልጁን እስከሚያውቅበት ቀን ብቻ የተሰጠ አይደለም። ክብሩ ግን መልኩን ይለውጣል፤ በልጅነታችን መታዘዝ ነበረ፥ አሁን ማሳረፍ ነው። ጐኑ እንዳይቈስል በየጊዜው እናገላብጠው። የሚያመውን መናገር አይችልምና፥ የፊቱን መኰማተርና ማቃሰቱን ተመልክተን ሐኪሙን የሥቃይ ማስታገሻ እንጠይቅለት። የደረቀ አፉን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ እናርጥብለት። ስንመግበውም በነቃበት ሰዓት፥ ቀና አድርገን፥ ጥቂት በጥቂት ይሁን፤ ፊቱን ሲመልስ እናቁም። «እኔ ማን ነኝ?» እያልንም አንፈትነው።

መብል እንቢ ያለ እንደ ሆነ፥ አፉ ቈስሎ ወይም ሌላ ሕመም አግኝቶት እንዳይሆን አስቀድሞ ሐኪም ይየው። በበሽታው ፍጻሜ ግን ሰው መብል ስለ ተወ ሞት የሚመጣ አይደለም፤ ሞት ስለ ቀረበ መብሉን ይተዋል። የመመገቢያ ቱቦም በዚያን ጊዜ ዕድሜ እንደሚያረዝም አልታየም፤ ምግብ ወደ ሳንባ እንዳይገባም አይከለክልም። ስለዚህ፥ እኅታችን ሆይ፥ በፍቅር የቀረበች አንዲት ማንኪያ ትበቃለች። አንቺ ገዳይ አይደለሽም።

ነቢዩ ኢሳይያስ የባቢሎን ጣዖታት በእንስሳ ተጭነው ሸክም እንደ ሆኑ ያሳየናል፤ እግዚአብሔር ግን ሕዝቡን ከማኅፀን ጀምሮ እንደ ተሸከመ፥ እስከ ሽበትም እንደሚሸከም ይነግረናል። መዳናችን እኛ እርሱን በማስታወሳችን ላይ የቆመ ቢሆን ኖሮ፥ ወዮልን! ነገር ግን የቆመው እርሱ እኛን በማሰቡ ላይ ነው። ሕፃን ሲጠመቅ የጌታውን ስም ሊጠራ አይችልም፤ ጌታው ግን ያውቀዋል። እንዲሁም ሽማግሌ የገዛ ስሙን ቢረሳ ጥምቀቱ አይሻርም። ብዙ ቃል ከጠፋ በኋላም የልጅነት መዝሙር ብዙ ጊዜ ይቀራልና፥ በአልጋው አጠገብ ቀስ ብለን እንዘምርለት።

ምእመናን ሆይ፤ ያቺ እኅት ከጸሎት ቤት ከቀረች ብዙ ሰንበት አልፎ ነበር። እኛም «ቀረች» አልን እንጂ ፈጥነን አልሄድንም፤ ይህ በደላችን ነው። ለቅሶ ለመድረስ የምንፈጥን ሰዎች፥ ሰው ሳይሞት መድረስን እንማር። አንዱ አንድ ሌሊት በአልጋው አጠገብ ይደር፤ አንዱ ውኃ ይቅዳ፥ ልብስ ይጠብ፤ አስታማሚዋም ትተኛ። ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጥቶአል። ያ አደራ ዛሬ በደጃችን ነው።

አቤቱ፥ የረሱህን የማትረሳ አምላክ ሆይ፥ የደከሙትን ወላጆቻችንን ተሸከማቸው፤ የሚሸከሙአቸውንም እጆች አበርታ። አሜን።