ለትንሽ ገንዳ ዓሣ ለምትመርጡ ልጆቼ

ስለ ቤት አኳሪየም የሚያማክሩኝ የሐዋሳ ልጆች አብዛኞቹ ጥያቄያቸውን በቀለም ይጀምራሉ። ቀዩ ከቢጫው ጋር ያምር እንደሆነ፣ ባለ ረጅም ጅራቱ ከባለ መስመሩ ጋር ይሄድ እንደሆነ ይጠይቁኛል። ልጆቼ፣ ዓሣ ከዓሣ ጋር የሚኖረው መልኩ ስለተስማማ አይደለም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ውኃ ሲወዱ፣ አንዱ በሌላው አፍ የማይገባ ሲሆን፣ ከተጣሉም ደካማው የሚሸሽበት ቦታ ሲያገኝ ነው። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁና ነፍስ ያለውን ፍጡር ቤታችሁ ከማስገባታችሁ በፊት እነዚህን ሦስቱን አስቡ።

ሐይቃችንን ተመልከቱ። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱም ከ20 ሜትር ያልፋል። በውስጡ የሚኖሩት የዓሣ ዝርያዎች ግን ስድስት ብቻ ናቸው፤ አሞራ ገደል ሄዳችሁ የምትበሉት ቆሮሶ፣ ጢማሙ አምባዛ፣ በልጫ፣ ከእነሱም ሌላ ገበያ የማይወጡ ሦስት ትንንሾች። አምባዛ ቆሮሶን ይበላል። የሐዋሳን አምባዛ ሆድ ከፍተው ያጠኑ ተመራማሪዎች ቆሮሶ አግኝተውበታል። ይሁን እንጂ ሁለቱ በዚያው ሐይቅ ለረጅም ዘመን አብረው ኖረዋል። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቿም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ከፍ ካሉ በኋላ ደግሞ ዳር ዳሩን የበቀለው ሸምበቆና ሣር ይሸሽጋቸዋል። አሳዳጅ ሲመጣም የሚሮጡበት ሰፊ ውኃ አላቸው። እናንተ ሳሎን ውስጥ የምታስቀምጡት 60 ሊትር ውኃ ይህ ሁሉ የለውም። ሐይቅ ውስጥ የሚቻለው ነገር በአራት መስታወት መካከል የማይቻለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከሐይቁ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የቆሮሶ ጫጩት ቀድታችሁ አትምጡ። ሲያዩት ትንሽና የዋህ ይመስላል፤ ነገር ግን ሲያድግ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል። ወንዱ ለጎጆው አሸዋውን ይቆፍራል፣ የተከላችሁትን ዕፅ ይነቅላል፣ የያዘውን ጥግ ለማንም አያስነካም። አምባዛማ ከዚያም ይብሳል፤ ያገኘውን ሁሉ ይውጣል። ሐይቁ ውስጥ ካሉት ትንንሾች ለገንዳ የሚመጥን ቁመት ያላቸው አሉ፤ ቢሆንም የሐይቁን ለሐይቁ ተዉለት እላለሁ። ለዚህ ተብሎ በሰው እጅ ለትውልዶች የተረባ የጌጥ ዓሣ እያለ ከተፈጥሮ መቀነስ ምን አስፈለገ?

አሁን ወደ ውኃችሁ እንምጣ። የስምጥ ሸለቆ ውኃ በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ እያለፈ ስለሚመጣ በጥቅሉ ወደ አልካሊነት ያደላል። ፍሎራይዱም ከፍ ይላል፤ በሸለቆው ብዙ ስፍራዎች የሰው ጥርስ የሚበልዘው ከዚሁ የተነሣ ነው። የቧንቧው፣ የጉድጓዱና የሐይቁ ውኃ ግን አንድ ስላይደለ በግምት አትሂዱ። የፒኤች መለኪያ ወረቀት ፈልጉና የቤታችሁን ውኃ ለኩ። ቁጥሩ ከ7 ተኩል በላይ ከሆነ ጋፒ፣ ሞሊና ፕላቲ የሚባሉት የጌጥ ዓሦች ይመቻቸዋል። ኒዮን ቴትራና ዲስከስ ከአማዞን ወንዞች የመጡ ናቸው፤ ለስላሳና ወደ አሲድነት ያዘነበለ ውኃ ይወዳሉ። ለእነሱ ስትሉ ውኃውን በኬሚካል ለመለወጥ አትታገሉ፤ ፒኤቹ ዛሬ ወርዶ ነገ ሲወጣ ዓሣውን የሚገድለው ያ መዋዠቅ ነው። ውኃችሁን የሚወድ ዓሣ ምረጡ እንጂ ዓሣው የሚወደውን ውኃ ልሥራ አትበሉ። በልምድ ማነስ የሚሞቱት ዓሦች ብዙዎቹ በዚህ ስሕተት የሚያልቁ ይመስለኛል።

ሙቀትም አለ። ከተማችን 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ቀኑ ሞቅ ይላል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ግን ሌሊቱ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ታውቃላችሁ። ሐይቅ በአንድ ሌሊት አይቀዘቅዝም፤ ትንሽ ገንዳ ግን ከክፍሉ ጋር ይሞቃል፣ ከክፍሉ ጋር ይበርዳል። ጋፒና ጓደኞቹ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ቢያገኙ ደኅና ናቸው፤ ለዚህ ራሱን የሚያበራና የሚያጠፋ የውኃ ማሞቂያ ያስፈልጋል። ማሞቂያ መግዛት ካልቻላችሁ ዜብራ ዳኒዮ የሚባለው ባለ ሰማያዊ መስመር ትንሽ ዓሣ ቅዝቃዜን የተሻለ ይችላል። "ጎልድፊሽስ?" ትሉኛላችሁ። ጎልድፊሽ ቅዝቃዜ ይችላል፤ ግን ሲያድግ 20 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ የሚችል፣ ከአሥር ዓመት በላይ የሚኖር፣ ቆሻሻውም የበዛ ዓሣ ነው። ክብ ብርጭቆ ውስጥ ብቻውን ሲሽከረከር የምታዩት ሁሉ እየተሠቃየ ነው። ከጋፒ ጋር ካስቀመጣችሁት ደግሞ አንዱ ይሞቀዋል ወይም ሌላው ይበርደዋል፤ ጎልድፊሹ ሲያድግም ጋፒውን ይበላዋል።

እኔ ለጀማሪ የምመርጥለት ይህን ነው፦ ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 35 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ፤ በውስጡም ስምንት ያህል ወንድ ጋፒዎች። ወንዶች ብቻ ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ሴቷ ጋፒ እንቁላል አትጥልም፤ ሕያው ጫጩት ትወልዳለች፤ በየወሩ ገደማ ከ20 እስከ 50 ልትወልድ ትችላለች። የወንዱንም ዘር በሆዷ ለወራት አቆይታ ያለ ወንድ ደጋግማ ትወልዳለች። ከሻጭ ቤት የምትገዟት ሴት አስቀድማ ያረገዘች መሆኗን ቁጠሩት። በግማሽ ዓመት ውስጥ ገንዳችሁ ከአቅሙ በላይ ይሞላል፤ ከዚያ የሚተርፈው በሽታ ነው። ወንዱን ለመለየት ከሆዱ ሥር ያለውን ክንፍ ተመልከቱ፤ የወንዱ ቀጭንና ሹል ነው፣ የሴቷ ሰፋ ብሎ የተዘረጋ ነው። ወንዶቹ ደግሞ በቀለማቸው የደመቁት እነሱው ናቸው፤ ስለዚህ ውበት ፈላጊውም አይጎዳም። ኮሪዶራስ የተባለውን ከታች የሚኖር ትንሽ ዓሣ ካገኛችሁ ስድስት ጨምሩ፤ ጠጠር ሳይሆን ለስላሳ አሸዋ አንጥፉለት፤ ጢሙ በሹል ጠጠር ይላጣል። ከዚያ በላይ አትጨምሩ።

ቦታ መካፈልም አለ። ጣና ሐይቅ ውስጥ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ 15 ያህል የትልልቅ በልጫ ዝርያዎች አብረው ይኖራሉ። አንዱ ከውኃው ፎቅ ሲመገብ ሌላው ታች አፈሩን ይፈትሻል፤ አንዱ ነፍሳት ሲለቅም ሌላው ዓሣ ያድናል። ምግብና ቦታ ስለተካፈሉ ነው ጣና ለሁሉም የበቃቸው። እናንተም ስትመርጡ ዓሣው ከየትኛው የውኃ ከፍታ እንደሚውል ጠይቁ፤ ሁሉም ላይ ወይም ሁሉም ታች የሚሆኑ ከሆነ ግን ገንዳው ሰፊ ቢሆንም ይጣበባል።

አብረው የማይሆኑትን ልንገራችሁ። ሁለት ወንድ ቤታዎች እስኪሞቱ ይዋጋሉ። አንድ ቤታ ብቻውን ቢሆንም ባለ ረጅም ጅራት ጋፒ ሲያይ ሌላ ቤታ መስሎት ያጠቃዋል። ታይገር ባርብ የተንዘረፈፈ ክንፍ ያለውን ሁሉ ይነክሳል። ኤንጀልፊሽ ስትገዛ እንደ ሳንቲም ታንሳለች፤ አድጋ ግን ኒዮን ቴትራን ትውጣለች፤ በትውልድ ወንዛቸውም የምትበላው እንዲህ ያለውን ትንሽ ዓሣ ነው። አልጌ ይልሳል ተብሎ የሚሸጠው ፕሌኮም አምስት ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይመጣና ከ30 በላይ ያድጋል። ሻጩን "አሁን ስንት ነው?" ከማለት በፊት "ሲያድግ ስንት ይሆናል?" በሉት፤ መልሱን የማያውቅ ከሆነ አትግዙ። በመንጋ የሚኖሩትን ደግሞ አንድ ወይም ሁለት አድርጋችሁ አታምጡ። ዳኒዮ ስድስትና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው የሚረጋጋው፤ ብቻውን ሲሆን ወይ ይደበቃል ወይ ሌላውን ያሳድዳል። ለሁሉም መሸሸጊያ አብጁ፤ ድንጋይ፣ የታጠበ የሸክላ ገል፣ ዕፅ ይሁን። በአካባቢያችን የሞላው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ግን ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከባዱን ምረጡ።

ከሁሉ የሚከብዳችሁ ትዕግሥት ነው። አዲስ ገንዳ ውኃ በተሞላ ዕለት ዓሣ አይገባበትም። ዓሣ በስንጥቡና በቆሻሻው አሞኒያ ይለቅቃል። አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ጉዳቱ ወደ ቀለለው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ማጣሪያው ስፖንጅ ላይ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ይህ የሐዋሳን ልጅ ከሌላው በበለጠ ይመለከታል፤ ምክንያቱም ውኃው አልካሊ በሆነና በሞቀ መጠን ያው አሞኒያ መርዛማነቱ ይበረታል። ቀደም ያለ ገንዳ ያለው ጓደኛ ካላችሁ ከማጣሪያው ቁራሽ ስፖንጅ ለምኑት፤ ጊዜው በእጅጉ ያጥርላችኋል። ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ አትጠቡ፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይፈጃል። በየሳምንቱ ከውኃው ሩብ ያህሉን ስትለውጡ አዲሱን በሰፊ ባልዲ አንድ ቀንና ሌሊት አሳድሩት፤ ክሎሪኑ ይተንናል። ዓሦቹንም ሁሉን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በትንሽ በትንሹ አስገቡ። የእንጀራና የዳቦ ፍርፋሪ አትጣሉላቸው፤ ውኃውን ያበላሻል። በደቂቃ ወይም በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን የዓሣ ምግብ ብቻ ስጧቸው።

ጥቂት ዓሣ ያዙ የምለው ለመብራቱም ጭምር ነው። መብራት ሲጠፋ ለገንዳው አየር የሚሰጠው ፓምፕ ይቆማል። ስምንት ዓሣ ያለበት ገንዳ ሰዓታት ይታገሣል፤ ሠላሳ ያለበት ግን ኦክስጅኑን ቶሎ ይጨርስና ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ያን ጊዜ በኩባያ ውኃውን እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱት፤ ምግብም አትስጡ። ዓሣውን ከአዲስ አበባ የምታመጡ ከሆነም መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሻጩ ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ እንዳይመግበው፣ ከረጢቱንም ሲሶውን ውኃ፣ የቀረውን አየር እንዲያደርገው ንገሩት፤ በጨለማ ካርቶን ያዙት። ቤት ስትደርሱ ከረጢቱን ሩብ ሰዓት ያህል ገንዳው ላይ አንሳፍፉ፤ ከዚያ ዓሣውን በመረብ አንሡ እንጂ የመጣበትን ውኃ ወደ ገንዳው አትገልብጡ።

አጥብቄ የምለምናችሁ አንድ ነገር ቀረ። ዓሣው ቢበዛባችሁ፣ ቢያድግባችሁ ወይም ቢሰለቻችሁ ወደ ሐይቁ አትልቀቁት። ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃ የተባለውን ወንዝ ይቀበላል እንጂ በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባበት እዚያው ይቀራል። ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ዛሬ የሚጠመዱት ካርፕና አምባዛ ከሌላ ስፍራ የገቡ ናቸው፤ ነባሩ ቆሮሶም፣ ከልክ ያለፈው ማስገር ተጨምሮበት፣ እንደ ድሮው አይደለም። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የደረሰው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ናይል ፐርች የሚባለው፣ በእኛ አባያና ጫሞ በተፈጥሮው የሚኖረው ትልቅ ዓሣ፣ እዚያ ተለቀቀ፤ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ 200 ያህል የትንንሽ ዓሣ ዝርያዎች ጠፉ። እናንተ የምትለቅቁት አንድ ዓሣ በሽታ ወይም ጥገኛ ትል ይዞ ሊገባ ይችላል፤ አሥጋሪው ወንድማችሁ በየማለዳው በጀልባ የሚወጣው በዚያ ሐይቅ ላይ ነው።

ያልተስማማችሁን ዓሣ ለሌላ አኳሪየም ላለው ስጡ፤ ሻጩ የሚቀበል ከሆነም መልሱለት። የሞተውን መሬት ቆፍራችሁ ቅበሩት፤ ሽንት ቤትም ቦይም ውስጥ አትጣሉት። ስትለውጡ የምታወጡትን ውኃ ግን አታባክኑት። ናይትሬቱ ማዳበሪያ ነው፤ ግቢያችሁ ላለው የፓፓዬ ወይም የአቮካዶ ተክል ሥር አፍስሱት።